ጋሼ ይሞከር እና ቢጫዋ ሽቦ

በዓለም ላይ ያለ ገዢ ሁሉ በሁለት ይከፈላል፤ ዕቃ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚሄድና ዕቃ ገዝቶ ዕቃውን ፍርድ ቤት የሚያቆም። የመጀመሪያው ወገን እንደ ጉንዳን ብዙ ነው፤ እኔም ከዚያው ነኝ። ሁለተኛው ግን በየሰፈሩ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ቢሆን ኖሮ ባለሱቆች ሁሉ በራቸውን ቆልፈው ይመንኑ ነበር።

ይህን ሰው እናንተም ታውቁታላችሁ። አምፖል ሲገዛ እዚያው ሱቅ ውስጥ ካልበራ አይከፍልም። ጃንጥላ ሲገዛ ባለሱቁን ከላይ ውሃ ያስደፋል። ወንበር ሲገዛ ይቀመጣል፣ ይወዛወዛል፣ ተነስቶ ይገለብጠዋል፣ እንደገና ይቀመጥና ዓይኑን ይጨፍናል፤ ባለሱቁ እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ሲጠጋ «ዝም በል፣ እያዳመጥኩት ነው» ይለዋል። ክብሪት ሲገዛ አንዷን ይጭራል። ትበራለች። «ይህቺስ ደህና ናት» ይላል፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ ቀሪዎቹ ይዞርና ያዝናል።

የእኛ ሰፈሩ ክቡር ጋሼ ይሞከር ይባላሉ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም በእርግጥ ሌላ ነው፤ ግን «መጀመሪያ ይሞከር!» ከሚለው ንግግራቸው የተነሳ ያኛውን ስም የሚያስታውሰው ውሃ አገልግሎት ብቻ ነው። ሥራቸው የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በየሱቁ እየዞሩ የሰው ሚዛን ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሚዛን የሚመዝን ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ይመዝናል? የቀረውን ሁሉ።

በእኔና በእሳቸው ግቢ መካከል ያለው አጥር እስከ ደረቴ ነው፤ ለመደበቅ ያጥራል፣ ለመዝለል ይረዝማል። እና ከዚያ አጥር ማዶ ባለው ቤት፣ በምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ምግብ ከቀረበ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጠረጴዛው ላይ ያለው የመኪና ቴፕ ነው።

በትክክል ልንገራችሁ። በትሪ ላይ የተቀመጠ የመኪና ባትሪ አለ። ከባትሪው ቀይና ጥቁር ሽቦዎች ተነስተው በእንጨት ሳጥን ውስጥ ወደተቀመጠው ቴፕ ይገባሉ። ከቴፑ ጀርባ የወጡት ደግሞ ወደ አራቱ የጠረጴዛው ማዕዘኖች ይሄዳሉ፤ እዚያም አራት ስፒከሮች፣ ክብ ቀዳዳ በተበሳላቸው የጫማ ካርቶኖች ውስጥ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ካርቶኖች «ፊት» ተብሎ ተጽፎባቸዋል፣ ሁለቱ «ኋላ»። በመካከል ሹፌሩ፣ ማለትም ጋሼ ይሞከር፣ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

«ቴፕ ዝም ብሎ መኪና ላይ አይገጠምም» ይላሉ። «ከተገጠመ በኋላ ቢበላሽ ዳሽቦርዱን መፍታት ነው፤ የተፈታ ዳሽቦርድ ደግሞ እንደ ተፈታች ሚስት ነው፤ ብትመልሰውም ሁልጊዜ አንድ ነገር ይንቋቋል። መጀመሪያ ይሞከር!»

አንድ ቀን የተዋስኩትን መሰላል ልመልስ ብገባ፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላቸው ባለቤታቸው የጠረጴዛውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ይንጡታል። ቴፑ ይዘፍናል፤ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

«ምን ሆነው ነው እትዬ?» አልኩ ደንግጬ።

«ምን እሆናለሁ፣ ኮረኮንች ነኝ» አሉኝ እያለከለኩ። «ትናንት አስፋልት ነበርኩ።»

«ቀስ በይ እንጂ!» አሉ ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «በዚህ ፍጥነት ማን ኮረኮንች ላይ ይነዳል?»

«እኔንም እኮ አምስት ዓመት አጭቶ ነው ያገባኝ» አሉኝ እትዬ፣ ጠረጴዛውን ለቀው ወገባቸውን እየያዙ። «ጠረጴዛ ላይ አላወጣኝም እንጂ!»

«ታዲያ አንድ ቀን ተበላሽተሽ ታውቂያለሽ?» አሉ ጋሼ።

እትዬ ሳቃቸው መጣ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ለመጠየቅም ብዙ ጊዜ አፍሬ ነበር። «ጋሼ፣ መኪናው የታለ?»

ዓይናቸውን ገለጡ። ፍጹም የማልረባ ተማሪ መሆኔ በፊታቸው ላይ ተነበበኝ።

«ቴፑ ሳይሞከር መኪና ይገዛል?»

ከበቅሎዋ በፊት ኮርቻዋን የገዛ ብዙ ሰው አለ። ኮርቻውን ገዝቶ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ጭኖ፣ ሚስቱን አስነቅንቆ ስንት ዘመን የጋለበ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

እስቅባቸው ነበር፤ ሳቄ ግን ከልቤ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እቀናባቸው ነበር። ቅናቴም እንደ ሰው ቅናት ደህና ምክንያት የለውም፤ ሀብት የላቸውም፣ መልካቸውም እንደ እኔው ነው። የቀናሁት ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ስለሚሄድ ነው። የፈላ ውሃ የሚያፈስ ማንቆርቆሪያ፣ የሚጮህ ካውያ፣ የማይዘጋ ሻንጣ፣ ሁሉም በእኔ በር ፊት አልፎ ወደ እሳቸው በር ይገባል። እኔ በሕይወቴ አንድም ሰው ማንቆርቆሪያ አምጥቶልኝ አያውቅም። ቢያመጡልኝም ምን አደርገው እንደነበር አላውቅም፤ ግን ባመጡልኝ።

ከሁሉ የባሰው ባለቤቴ ናት። ባለቤቴ መምህርት ናት፤ አስተዋይ ናት፤ ትወደኛለች ብዬ አስባለሁ። ግን አንድ ነገር ገዝቼ ስገባ መጀመሪያ የምትለኝ «ጎሽ» አይደለም፤ «ለጋሼ አሳየኸው?» ነው። አንድ ጊዜ የእጅ ሰዓት ገዛሁላት። አቀፈችኝ፤ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ከዚያ ሰዓቱን ይዛ ወደ አጥሩ ሄደች። በማግስቱ ፍርዱ መጣ። «ቀስ ትላለች» አሉ ጋሼ ይሞከር። በእርግጥም ቀስ ትላለች። ግን ባይነግሯትስ? ሁለታችንም አብረን ቀስ እንል ነበር።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ።

ባለቤቴ ከከተማው ጫፍ ወጥቶ፣ ከኮረብታው ጀርባ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወረች። ረጅም መንገድ ነው። ያችን አሮጌ መኪናችንን ይዛ በጠዋት መሄድ፣ ማታ መመለስ ሊሆን ነው። የመኪናዋ ቴፕ እኛ ሳንገዛት በፊት ሞቷል።

ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት ስልጥ በመስኮቱ ድምጿን ሰማሁ። ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ከአጥሩ ማዶ ጋሼ ነበሩ።

«መንገዱ አይደለም ጋሼ፣ ዝምታው ነው» ትላቸዋለች። «ብቻዬን ዝም ብዬ ስነዳ ዓይኔ ይከደናል። ባለፈው ትምህርት ቤቱን ለማየት ሄጄ ስመለስ፣ ጎማው የመንገዱን ጠርዝ ሲመታ ነው የነቃሁት። ለእሱ አልነገርኩትም፤ ይጨነቃል።»

እሱ የተባልኩት እኔ ነኝ። ሽንኩርቱ ከእጄ ወደቀ።

መጀመሪያ ፈራሁ። ወዲያው ግን፣ ፍርሃቱ ሳይለቀኝ፣ ሌላኛው መጣ። ለእሳቸው ነገረቻቸው። እኔ ባሏ በመስኮት ልስማው?

ጋሼ ይሞከር ጢማቸውን አሹ። «መኪናሽ ቴፕ ያስፈልጋታል» አሉ። «ይሞከራል።»

አይሞከርም! አልኩ በሆዴ። ለሚስቴ ድምፅ የማመጣላት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሄድኩ። ሻጩ ጎረምሳ ነው፤ አፉ እንደ ቅባት ይንሸራተታል። «አባቴ፣ ይሄ ዕቃ አይደለም፣ ንብረት ነው» አለኝ። «አሮጌ ነው፤ ግን የድሮ ሥራ ነው። ልሞክርልህ?»

አዎ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን በዚያች ሰዓት የእሳቸው ተቃራኒ የመሆን ጥማት ያዘኝ። ደረቴን ነፋሁ። «አያስፈልግም» አልኩ እንደ ባላባት።

ሻጩ ራሱ ደነገጠ። «ካልተሞከረ መመለስ የለም፣ ይታወቅ» አለኝ።

«ይታወቅ» አልኩ።

መኩራቴ ቤት እስክደርስ ድረስ እንኳን አልቆየም። የመኪና ኤሌክትሪሺያኑን ለእሁድ ቀጥሬዋለሁ፤ ሰኞ ትሄዳለች። እሁድ ዳሽቦርዱ ተፈትቶ፣ ቴፑ ተገጥሞ፣ ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ፣ ጋሼ በአጥሩ ላይ እያዩ፣ ዝም ቢልስ?

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት፣ ባለቤቴ እህቷ ጋ ስትሄድ፣ የማላስበውን አደረግሁ። እኔም ሞከርኩ። የመኪናዋን ባትሪ ፈትቼ፣ እንደ ሌባ አቅፌ መኝታ ቤት አስገባሁት። ከአሮጌ የቤት ሬዲዮ አንድ ስፒከር ነቀልኩ። ቀዩን ከፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከኔጌቲቭ። አንዲት ቀጭን ቢጫ ሽቦም ነበረች፤ ጫፏ ላይ ናስትሮ ተጠምጥሞባታል። ያሸጋት ሰው ምክንያት ይኖረዋል ብዬ አልነካኋትም። ደግሞስ ቀይና ጥቁር ካለ ቢጫ ምን ያደርጋል?

አዙሬ ስከፍተው በራ! ተናገረ! አልጋው ላይ ዘለልኩ ማለት ይቻላል። ቁጭ ብዬ ባለቤቴ የምትወዳቸውን ጣቢያዎች አንድ በአንድ ፈልጌ በየቁልፉ ላይ አስቀመጥኩላት። ሰዓቱንም ሞላሁ። በእጄ የሆነ ነገር መሥራት እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ? ዘጋሁት። ዳግም ለመደሰት ከፈትኩት።

ሁሉንም ረስቷል። ጣቢያ የለም። ሰዓቱ ዜሮ ላይ ቆሟል።

እንደገና ሞላሁ፤ ዘጋሁ፤ ከፈትኩ። ረስቷል። የሚረሳ ቴፕ ሸጠውኝ ነዋ! ለሚስቴ ነቃ የሚያደርጋት ጓደኛ ላመጣ ሄጄ የጃጀ ሽማግሌ አመጣሁ። እየነዳች በየጠዋቱ ጣቢያ ልትፈልግ ነው? ዓይኗ ከመንገዱ ተነስቶ ቁልፍ ላይ? ይህስ ከዝምታውም የከፋ ነው።

ባትሪውን መልሼ አሰርኩ። ቴፑን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከክረምት ልብስ ሥር ደበቅኩት።

አርብ ዕለት ሱሪ ላሳጥር ጥጉ ላይ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። ልብስ ሰፊው ወሬ ከጨርቅ ጋር አብሮ የሚለካ ሰው ነው።

«የቤትህ እመቤት ከኮረብታው ጀርባ ያለው ትምህርት ቤት ጀመሩ እንዴ?» አለኝ መርፌውን በጥርሱ ይዞ።

«ሰኞ ነው የምትጀምረው። ምነው?»

«ታዲያ ጋሼ ይሞከር በሩ ላይ ምን ያደርጋሉ? ትናንት ጨርቅ ላመጣ በዚያ ሳልፍ አየኋቸው። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ብቻቸውን ፈገግ ይላሉ።»

ትናንት። ሐሙስ! ባለቤቴ እህቷ ጋ ሄድኩ ያለችበት ሐሙስ!

እኔ አሁን ስጽፈው የማይረባ መሆኑን አያለሁ። ጡረታ የወጡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሚስታቸውን ኮረኮንች የሚያደርጉ ሰው! ግን ቅናት ስሌት አያውቅም። ልብስ ሰፊው የሱሪዬን ርዝመት ሲጠይቀኝ «እንዳየህ ቁረጠው» አልኩት፤ እስከ ዛሬ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አይደርስም።

ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ደብተር ታርማለች።

«እህትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ትናንት ቤቷ ነበረች?»

«ቤቷ ካልሆነች የት ትሆናለች?»

«እንዲሁ ነው። ሰው አንዳንዴ ይወጣል።»

ከደብተሩ ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ፣ ደህና ነህ? ፊትህ እንደ ሎሚ ሆኗል።»

«ደህና ነኝ» ብዬ ውሃ ልጠጣ ገባሁ። ውሃውም መረረኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባለቤቴ ገበያ ስትሄድ፣ ከቁም ሳጥን ቴፑን አወጣሁና ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ሁለት ነገር ይዣለሁ፤ በፌስታል ቴፕ፣ በሆዴ ጥያቄ። የትኛው ቀድሞ እንደሚወጣ እኔም አላውቅም።

ጋሼ ይሞከር ፌስታሉን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። አፌን ሳልከፍት ከጠረጴዛው ላይ የራሳቸውን ቴፕ መፍታት ጀመሩ። እትዬ ከጓዳ ብቅ ብለው አዩና «ኧረ በስመ አብ! ዛሬ ከዙፋኑ ወረደ!» አሉ።

ቴፑን ተቀበሉኝ። በእጃቸው መዘኑት። አሸተቱት። ጆሯቸው አጠገብ አድርገው ነቀነቁት።

«ምኑ ነው ያመመው?»

«ይረሳል» አልኩ ወለሉን እያየሁ። «መኝታ ቤት ተደብቄ ሞከርኩት፤ ጣቢያውን ሞልቼለት ስዘጋው ሁሉንም ይረሳል።»

ጀርባውን ገለበጡ። ከዚያ በሁለት ጣታቸው ቢጫዋን ሽቦ አነሷት፤ እንደ ሕፃን ጣት በቀስታ ናስትሮዋን ፈቱላት።

«ይህቺን የት አስረሃት ነበር?»

«የትም። ታሽጋ ነው የመጣችው።»

«አይ ወንድሜ» አሉ፤ ሳይስቁብኝ። ቢስቁብኝ በተሻለኝ። «እሱ አይደለም የረሳው፣ አንተ ነህ የረሳሃት። በዚህ ዓይነቱ አሮጌ ቴፕ ቀይዋ ለመብራት ናት፤ መኪናው ሲነሳ ትነሳለች፣ ሲጠፋ ትጠፋለች። ቢጫዋ ግን በቀጥታ ከባትሪ ናት። መኪናው ጠፍቶ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ እሷ ትንሽ ትንሽ ትጠጣለች። ለምን? ቴፑ ነገ ጠዋት ማን እንደሆነ እንዳይጠፋው።»

ቀይዋንና ቢጫዋን አንድ ላይ ገምደው ከባትሪው ጋር አገናኙ። ጣቢያ ሞሉ። ቀይዋን ለይተው ነቀሉ፤ ቴፑ ጠፋ። መልሰው አስነኩ፤ በራ። ጣቢያው እዚያው ነው። ሰዓቱም እየቆጠረ ነው።

እፎይታው ልቤን ሊያፈርሰው ነበር። ሚስቴ ቴፕ አላት! ግን ወዲያው ሌላኛው ደግሞ መጣ፤ ቅናቴም ለካ በቀጥታ ከባትሪው ኖሯል። ምንም ቢጠፋ እሱ ትንሽ ትንሽ ይጠጣል።

«ጋሼ» አልኩ። «ሐሙስ የት ነበሩ?»

ጋሼ ይሞከር ፒንሳውን አስቀመጡ። ጆሯቸው ቀላ። ይህን ሰው ሲያፍሩ አይቼ አላውቅም።

«የት እሆናለሁ» አሉ። «ወጣ ብዬ ነበር።»

«ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር አሉ።»

ከጓዳ የእትዬ ሳቅ ፈነዳ። «ንገረው እንጂ! ይህን ያህል ምን ያሽኮረምምሃል? ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ሲወርድ ውሎ፣ ወገቡን ሳሽለት አይደል ያመሸሁት!»

ጋሼ ከኮት ኪሳቸው የሲጋራ ፓኮ የምታህል ሬዲዮ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

«ባለቤትህ መንገዱ ያስተኛኛል ስትል ጊዜ…» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቴፕ ብቻውን ምን ያደርጋል? መንገዱስ ይሞከር እንጂ! ይቺን ይዤ በአውቶቡስ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። እስከ ድልድዩ ድረስ ሁሉም ጣቢያ ይሰማል። ድልድዩን ስታልፍ ሁለቱ ይሞታሉ። ከኮረብታው ጀርባ፣ ያው እንቅልፍ የሚመጣበት ቦታ ላይ፣ አንድ ብቻ ይቀራል። እሱም የገበሬዎች ፕሮግራም ነው።»

«የገበሬዎች?»

«ይሁን፤ ግን ሰውዬው በጣም ነው የሚጮኸው። ስለ በቆሎ ሲናገር የተሰደበ ነው የሚመስለው። እሱ እየተናገረ የሚተኛ ሰው አልተፈጠረም። እኔ ራሴ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።»

ፈገግታቸው ለካ የበቆሎ ነው።

«ታዲያ ቴፑን ለምን እርስዎ አልገዙላትም?» አልኩ በመጨረሻ።

«ስትነግረኝ በወጥ ቤቱ መስኮት ፊትህን አየሁት» አሉ፤ ቀስ ብለው። «ቢላዋ ይዘህ ነበር። ቴፑ የአንተ እንደሆነ ገባኝ። እኔ መንገዱን ወሰድኩ።»

ዓይኔን ያቃጠለኝን ነገር ሽንኩርት ነው እንዳልል በአካባቢው ሽንኩርት አልነበረም።

ይሁን እንጂ ጋሼ ይሞከር ጋሼ ይሞከር ናቸው። ወዲያው ተስተካክለው ተቀመጡ። «በል እንግዲህ፣ አንድ ሳምንት እዚህ ይቆይልኝ። የሙቀት አለ፣ የኮረኮንች አለ…»

«ጋሼ፣ ነገ ነው የሚገጠመው። ሰኞ ትሄዳለች።»

«ሳይናጥ?»

«ሳይናጥ።»

ቴፑን አዩት። ባትሪውን አዩት። እትዬን አዩ። በግንባራቸው ላይ ያ ሁሉ ዘመን ሲታገል አየሁ። ከዚያ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሱና፣ እኔም ሰፈሩም ከእሳቸው አፍ ሰምተነው የማናውቀውን ቃል ተናገሩ።

«ይገጠም።»

እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

እሁድ ጠዋት ኤሌክትሪሺያኑ መጣ። ጋሼ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ ልጁ የሚታከምበት አባት መስለው፣ መኪናዋን ዞሯት። ሰውዬው ሽቦዎቹን እያገናኘ ቢጫዋ ላይ ሲደርስ «ቆይ!» አሉት። «ይህቺን እሱ ይሰራት።» ገመድኳት፤ ናስትሮ ጠመጠምኩባት። ጋሼ ጎንበስ ብለው ሁለት ጊዜ ጎተቷት። ጣቢያዎቹን እሳቸው በጆሮዬ እየነገሩኝ እኔ ሞላሁ፤ በአራተኛው ቁልፍ ላይ በቆሎው ገባ።

ባለቤቴ ድምፅ ሰምታ ወጣች። መኪናዋ ትዘፍናለች። ቆማ ቀረች፤ እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። ከዚያ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር፦

«ለጋሼ አሳየኸው?»

አጥንቴ ሳይቀር ቀዘቀዘ። ጋሼ ይሞከር ግን፣ በዕድሜ ልካቸው አንዲት ግራም ያልዋሹት የሚዛን ተቆጣጣሪ፣ ሰማዩን ቀና ብለው አዩ።

«እኔ ምኑንም አላየሁም» አሉ። «ራሱ ነው የሞከረው። ለዚያውም መኝታ ቤት ውስጥ።»

ሰኞ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሳይ ዋልኩ። ማታ መኪናዋ ገባች። ባለቤቴ እየሳቀች ወረደች፤ እኔ በረንዳው ላይ ቆሜያለሁ፤ ከአጥሩ ማዶ ጋሼ፣ ደረቅ መሬት ላይ ደረቅ የውሃ ጎማ ይዘው፣ አትክልት የሚያጠጡ ይመስላሉ።

«አልተኛሁም!» አለች። «ከኮረብታው ጀርባ ሁሉም ጣቢያ ድርግም አለ። ዓይኔ ከበድ ሊለኝ ሲል አራተኛውን ተጫንኩት። አንድ ሰውዬ ስለ ተምች እየጮኸ! ጥፋቱ የእኔ ነው የመሰለኝ! እየሳቅሁ ደረስኩ። አንተ፣ ይሄን እንዴት አሰብከው?»

ልቀበላት አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ፈቅደውልኛል፤ እንዲያውም ፊታቸውን አዙረውልኛል። ባለቤቴ እንዲህ ያየችኝ መቼ ነበር? ሰዓቷን በሰጠኋት ዕለት፣ ለትንሽ ደቂቃ ብቻ።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ። «ጋሼ ናቸው። ሬዲዮ ይዘው ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ሲመላለሱ ዋሉልሽ።»

ባለቤቴ ወደ አጥሩ ዞረች። ጋሼ ጎማውን ይመረምራሉ።

«ቢጫዋን ሽቦ ግን ያሰርኳት እኔ ነኝ» አልኩ ፈጠን ብዬ። «እንዳይረሳ የምታደርገውን። በእጄ።»

ባለቤቴ እጄን ይዛ ጣቶቼን አየቻቸው። አውራ ጣቴ ላይ ናስትሮ ተጣብቆ ቀርቷል። በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በዚያ ሁልጊዜ በሚያቃጥለኝ ደግ ድምፅ፣ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ አይተዋታል?»

«አይቻታለሁ!» አለ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ። «ሁለት ጊዜ ጎትቻታለሁ፤ ንቅንቅ አትልም!»

እስከ ዛሬ እቀናባቸዋለሁ። ትናንት አዲስ ጫማ ገዛሁ፤ ካርቶኑን እንደታቀፍኩ፣ ገና ቤቴ ሳልገባ፣ አጥሩ ጋ ቆሜ ተጣራሁ።